በላ ልበልሃ! የወደቀው ማነው?

ባለፈው እሁድ እኛ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ተሰብስበን ነበር። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፤ የውሃ ፓምፕ። ፓምፑ ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አራተኛ ፎቅ ያለን ሰዎች ጀሪካን ተሸክመን ደረጃ መውጣት የጠዋት ጸሎታችን ሆኗል። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ማን ገዛው? በስንት ተገዛ? ደረሰኙ የታለ? ምድር ላይ ያሉት ሱቆች ለምን ከእኛ እኩል ያዋጣሉ? አንድ ጡረተኛ ጋሼ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው "ተጠየቅ!" ብለው ሲነሱ ሰብሳቢው ላብ በላብ ሆነ። ሆኖም መለሰ። ደረሰኙንም አምጥቶ አሳየ። ተጨቃጨቅን፣ ልንሰዳደብም ምንም አልቀረን፣ በመጨረሻ ግን ተስማማን።

ልንበተን ስንል አንዲት እናት ከኋላ እጃቸውን አነሱ። "ለፓምፕ ይህን ያህል ከተከራከርን ለልጆቻችንስ? ከዚህ ብሎክ ስድስት ልጆች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትነው አምስቱ ወድቀዋል። የኔዋ ከክፍሏ አልወጣም ብላለች፤ እህል ስጧት እንኳ አትልም። ምን እናድርግ?" አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ጯሂ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ፖለቲካ ነው፤ ከአጀንዳችን ውጭ ነው" አላቸው። ተበተንን።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፓምፕ ሲቃጠል የሚጠይቅ ሕዝብ፣ ትውልድ ሲቃጠል ለምን ዝም ይላል? ይህችን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

መቼም ቁጥሩን የማያውቅ የለም፤ ግን በአንድ ላይ ደምሮ ያየው ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ845,188ቱ 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. ከ684,205ቱ 36,409 አለፉ፤ 5.3 በመቶ ገደማ ሆነ። በመስከረም 2018 በተነገረው የ2017 ዓ.ም. ውጤት ደግሞ ከ585,882ቱ 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ ሆነ። ሲደመር በአራት ዓመት ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ልጆቻችን ወንበር ላይ ተቀምጠው ተፈተኑ፤ የማለፊያውን ነጥብ ያገኘው 143 ሺህ አይሞላም። ደግሞ የተፈተነ ሁለቴ ተቆጥሮ ይሆናል እንበል። እሱን ብንቀንሰው እንኳ የሚቀረው አንድ ትልቅ ከተማ የሚሞላ ወጣት ነው።

ሹማምንቱ "ከ3 ወደ 8 በመቶ አድጓል" ብለው ሊያጽናኑን ይሞክራሉ። ያለፉት ልጆች ቁጥር መጨመሩ እውነት ነው፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ የተፈታኙን ቁጥር ደግመህ ተመልከት። ከ896 ሺህ ወደ 585 ሺህ ወርዷል። ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ልጅ የት ገባ? በጦርነት ተፈናቀለ? ትምህርቱን ጥሎ ሊስትሮና ጫኝ ሆነ? ወደ አረብ አገር ተሰደደ? የተፈታኙ ቁጥር ሲያንስ መቶኛው ከፍ ማለቱ ምን ይገርማል! ይህን ጥያቄ በቴሌቪዥን መስኮት ማን ጠየቀ? ማንስ መለሰ?

ኩረጃን ማስቆም ትክክል ነበር። ይህን የምለው የመንግሥትን ጀርባ ለመታከክ አይደለም፤ ሐቅ ስለሆነ ነው። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና ወጥቶ በየስልኩ ሲዞር፣ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰርዞ እንደገና በሐምሌ ሲሰጥ የነበረውን ውርደት ያየ ሰው፣ ተማሪን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተንን ሊቃወም አይችልም። ያ አሠራር ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሲተገበር ለብዙ ዓመት ተሸፍኖ የኖረው ቁስል ተገለጠ። የሙቀት መለኪያው ትክክለኛውን ትኩሳት አነበበ ማለት ነው። ትኩሳቱን ለክቶ በሽተኛውን ጥሎ የሚሄድ ሐኪም ግን አይቼ አላውቅም። በ2014ቱ ፈተና 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015ቱ 1,328 ሆኑ። በ2016ቱ 1,363። በ2017ቱም ከ1,200 በላይ ነበሩ። አንድ ተማሪ ሲወድቅ ተማሪው ሰነፈ እንላለን። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሲወድቅ መምህሩን እንጠይቃለን። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ዜሮ ሲያመጣስ የሚወድቀው ማነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው!

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። የእኛ አገር የትምህርት ታሪክ ያለ ክርክር የተወሰኑ ውሳኔዎች ታሪክ ነው።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ "የትምህርት ሴክተር ሪቪው" የሚባል ትልቅ ጥናት ተደረገ። ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. አልቆ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በግልጽ እስኪሰማው 1966 ዓ.ም. ደረሰ። ጥናቱ መሠረታዊ ትምህርትን ለብዙኃኑ ማዳረስ፣ ሁለተኛ ደረጃንና ከፍተኛ ትምህርትን ግን መቆጣጠር የሚል ሐሳብ ነበረው። ምናልባት ቁም ነገር ነበረበት። ተደብቆ ስለቆየ ግን ወላጅና መምህር የሰማው በወሬ ነው። "የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የጌታ ልጅ ይቀጥል ማለት ነው" ተባለ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በቤንዚን ዋጋ የተማረሩ ባለታክሲዎችም በዚያው ቀን ቆሙ። መንግሥት ደንግጦ ጥናቱን አነሳው። ግን ነገሩ አልፏል፤ ከወራት በኋላ ዙፋኑ ራሱ ተነሳ። ለመከራከር የፈራ መንግሥት በጥሩ ሐሳቡም ጭምር ይወድቃል ማለት ይሄ ነው።

ደርግ መጣ፣ ሄደ። ክርክርን በጥይት የመለሰበትን ዘመን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ኢሕአዴግ መጣ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ሲወጡ በጥይት ተመለሱ። በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ፣ ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። የአገሪቱን አዋቂ ከግቢው ካወጡ በኋላ በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ፍትሐዊ ልሁን፤ ያ ፖሊሲ ትምህርትን ወደ ገጠር አድርሷል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር የልጅ መብት መሆኑንም እኔ አልከራከርም። ከሁለት የማይበልጡት ዩኒቨርሲቲዎችም ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። ጥያቄው ሌላ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል በቋንቋው የተማረ ልጅ፣ ዘጠነኛ ሲገባ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገርበትን ድልድይ ማን ሠራለት? ይህን በወቅቱ የጠየቀ ነበረ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ጠይቆ ነበር። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው እስከ 1994 ዓ.ም. ወህኒ ከረሙ። የማኅበሩ መሪ አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ማኅበሩም በ2000 ዓ.ም. ስሙንና ንብረቱን በፍርድ ተነጠቀ። መልሱ ይህ ነበር!

ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ እኛ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለን ሰዎች በአካላችን ቀምሰነዋል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ መጣ። መምህሩ ጥግ ይዞ ቆመ፤ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በማናውቀው የእንግሊዝኛ አነጋገር፣ በሩጫ ይተላለፍልን ጀመር። "ገባችሁ?" ይለናል ስክሪኑ፤ አልገባንም ብንለው አይሰማ! መብራት ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ቀጥሎ 70/30 መጣ፤ ከመቶው ሰባው ሳይንስ ይማር ተባለ። ኬሚካል የሌለው ላቦራቶሪ፣ ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ሙከራ አይቶ የማያውቅ የሳይንስ ምሩቅ በየጎዳናው ሞላ። አሁን ደግሞ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አምስት ሚሊዮን ወጣት ኮድ ጸሐፊ ይሆናል እየተባልን ነው። ደስ ይላል፤ ማን ይጠላል! ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ግን እጠይቃለሁ፤ አንድ ተማሪ ማሳለፍ ያቃታቸው ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር አላቸው? መብራትስ? መጽሐፍስ ለስንት ልጅ አንድ ነው?

በየዘመኑ አዋጁ ከላይ ይወርዳል፤ ልጁ መሞከሪያ ይሆናል፤ ሙከራው ሲከሽፍ ተጠያቂው ልጁ ነው። የሚጠይቅ ሰው ከተገኘም "ፖለቲካ ነው" ይባላል። የእኛ የኮንዶሚኒየም ሰብሳቢ ያንን ቃል ከሰማይ አላወረደውም፤ ከላይ ሲባል ሰምቶ ነው።

ታሪክ ግን ቀልድ አያጣም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ቴሌቪዥን ፊት ተደቅኖ ነበር። በየሻይ ቤቱ፣ በየጸጉር ቤቱ የክርክር ድምፅ ነበር። ከተከራካሪዎቹ መካከል የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ አንዱ ነበሩ። ለዚያ ክርክር የከፈሉትን ዋጋ፣ የታሰሩትን እስር ሁላችንም እናውቃለን። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ያንን 3.3 በመቶ ለሕዝብ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ቁጥሩን ሳይደብቁ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል። እኔ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክቡር ሚኒስትር፣ ያ የ1997ቱ መድረክ የት ሄደ? መግለጫ አንሷል አላልንም። መግለጫ ግን አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው አጨብጫቢ ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ሲጸድቅ፣ ከእኛ ብሎክ ውስጥ ያሉ ወላጆች ተጠይቀው ነበር? ለመሆኑ ስንት መምህር አንብቦት ያውቃል?

ክርክር ሲዘጋ ነገር አይጠፋም፤ በሌላ በር ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ስለ ክልል ባንዲራና መዝሙር የተነሳውን ግርግር አይተናል። ትልቅ ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ሊነጋገርበት የሚገባውን ነገር ሕጻናት በግቢያቸው ውስጥ በድንጋይና በለቅሶ ተቀበሉት። የትግራይ ልጆች በጦርነት ስንት ዓመት ከክፍል ውጭ ከረሙ። በአማራ ክልል በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። እነዚህ ልጆች ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቀመጡ ውጤታቸው ምን ሊሆን ነው? ያኔም "ሰነፎች" ልንላቸው ነው?

እኔ የምኖረው ልደታ ነው። ይህ ኮንዶሚኒየም የቆመው የቀድሞው ልደታ ሰፈር ፈርሶ ነው። ከደጃችን በእግር ጥቂት እንደሄዱ ልደታ ፍርድ ቤት አለ። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ጋዜጠኞች የተከሰሱት እዚያ ነበር። ጥፋታቸው መጻፍ ነበር፤ "ስለሚያገባን" ብለው መጻፍ። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ አንዳንዱ ክሱ ተቋርጦለት፣ ሌላው በነጻ ተሰናብቶ ወጣ። የጠፋውን ጊዜያቸውን ግን የመለሰላቸው የለም። ታዲያ በዚያ ፍርድ ቤት በር ስናልፍ ያደግን ሰዎች፣ ስብሰባ ላይ ጫማችንን ብናይ ይፈረድብናል?

ይፈረድብናል! ምክንያቱም ይህ አገር ያለ ክርክር ያደገ አገር አይደለም። አባቶቻችን ዛፍ ሥር ችሎት ተቀምጠው "በላ ልበልሃ" ሲባባሉ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ይሰማ፣ ይፈርድም ነበር። ድሃው ባለርስቱን "ተጠየቅ" ብሎ ያቆመው ነበር። ቅኔ ቤት ያደረ ተማሪ ቅኔውን ሲቀኝ ጓደኛው ይነቅፍበታል፣ መምህሩ ያርመዋል፤ ያልተነቀፈ ቅኔ ቅኔ አይባልም። መጠየቅና መመለስ ከውጭ የመጣ ሸቀጥ አይደለም። የራሳችን ነው። እሁድ ዕለት ጋሼ ከዘራቸውን ተክለው ሲነሱ ያየሁትም ያንን ነው።

እንግዲህ እኔም በተራዬ ልበል።

አንደኛ፣ ምንም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው ምን እንዳላቸውና ምን እንደጎደላቸው ይነገር። የሠለጠነ መምህር ስንት አላቸው? መጽሐፍ ለስንት ተማሪ? ውሃ፣ መብራት፣ ላቦራቶሪ አላቸው? የውድቀቱን ቁጥር ለሕዝብ የነገረ መንግሥት የውድቀቱን ምክንያትም ትምህርት ቤት በትምህርት ቤት ይንገር። ለትምህርት ቤቶች እድሳት ገንዘብ ስንለመን አዋጥተናል፤ "ትምህርት ለትውልድ" ሲባል እጃችንን አላጠፍንም። ያዋጣ ሰው ደረሰኝ ይጠይቃል፤ እንደ ፓምፑ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የቋንቋው ጉዳይ፣ የፈተናው ጉዳይ፣ የመምህሩ ደሞዝ ጉዳይ በቀጥታ ሥርጭት ይከራከሩበት። ሚኒስቴሩ በአንድ ወገን፣ መምህራንና ተመራማሪዎች በሌላ ወገን። ከተፈታኞቹም ይምጡ፤ ስለ እነሱ እየተወራ እነሱ ደጅ አይቁሙ። ደሞዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍንለት መምህር ሲናገር "አድማ" አይባል።

ሦስተኛ፣ ለወደቁት ልጆች መንገዱ ይነገራቸው። ጥቂቶቹ በሬሜዲያል ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሁለተኛ ዕድል አግኝተዋል፤ መልካም ነው። የቀሩትስ? ቴክኒክና ሙያ ግቡ ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ መሣሪያ ከሌለው፣ ልጁ ሲመረቅ የሚቀጥረው ከሌለ፣ ልጁን ከአንድ ወረፋ አውጥቶ ሌላ ወረፋ ማሰለፍ ነው። እኔ ራሴ በዲፕሎማ የተመረቅኩ ነኝ፤ ዲፕሎማ የሚናቅበትን አገር በደንብ አውቀዋለሁ።

ለእኛም ለወላጆችና ለጎረቤቶች አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችን በየክፍላቸው ተዘግተው "እኔ ነኝ የወደቅኩት" እያሉ ነው። በቴሌግራም ውጤታቸውን ያዩበት ምሽት ከአእምሯቸው አይጠፋም። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ሲወድቁ፣ ወይም ዘጠና ሁለቱ፣ ይህ የአንዲት ልጅ ነውር ሊሆን አይችልም። ይህንን ለልጆቻችን ሚኒስቴር አይነግርልንም፤ እኛ ነን ቁጭ አድርገን የምንነግራቸው። ቀጥሎ ደግሞ እንጠይቅላቸው። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ስንት ነን?

የፊታችን እሁድ ደግሞ ስብሰባ አለን። ፓምፑ ተሠርቷል፤ ውሃ እስከ አራተኛ ፎቅ ደርሷል፤ ስለ ደረሰኙ ሒሳብ ልንሰማ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ እጄን ላነሳ ወስኛለሁ። ያቺን እናት ጎኔ አስቀምጬ፣ ሰብሳቢውን እንዲህ ልለው ነው፤ "ጋሼ፣ ሌላ አጀንዳ አለን። ፖለቲካ ነው ካልከኝም ይሁን! ልጅ የወለደ ሁሉ ፖለቲካ አለው።" ጋሼ ባለ ከዘራውም "ተጠየቅ!" ብለው እንደሚነሱ አልጠራጠርም።

አንባቢ ሆይ፣ በአንተስ ብሎክ፣ በአንተስ ቀበሌ፣ በአንተስ ዕድር ማን ይጠይቃል?

ልብ ያለው ልብ ይበል!